ዘንበል ያለ ሞተር

ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም አንድ እሁድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሞተር ሳይክሌን ጣልኩት። እየነዳሁ አይደለም። እየነዳሁ ቢሆን ቢያንስ የሚወራ ነገር ይኖረው ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ነው፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌያለሁ። ቆሜ ነው የጣልኩት።

ግቢው ሞልቶ ነበር። መኪና የሚያስተናግደው ልጅ ቢጫ ሰደርያውን ለብሶ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔን ሲያይ መጣና፣ «ወንድሜ፣ ይቺን ነገር ቀጥ አድርገህ ግድግዳው ጋ ብታስጠጋልኝ አንዲት ኮሮላ ትገባልኝ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። በጎን ስታንድ፣ በግራ ጎኑ ባለችው አንድ እግር መቆሚያ፣ የቆመ ሞተር ወደ ግራ ተጋድሞ ቦታ ይበላል። በመሃል ስታንድ፣ ከሆዱ ስር ባለው ባለ ሁለት እግር መቆሚያ፣ ከቆመ ግን እንደ ጧፍ ቀጥ ይላል። «ችግር የለም» አልኩት።

ችግር ነበር። በመሃል ስታንድ አቁሜው አላውቅም። ከገዛሁት ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ሁለቴ ሞክሬ አቅቶኝ «ሌላ ቀን» ብዬ ትቼዋለሁ። ያ ሌላ ቀን መጣ። ግራ እጄን መሪው ላይ፣ ቀኝ እጄን የኋላ እጀታው ላይ አደረግኩ። የስታንዱን መርገጫ በቀኝ እግሬ ረግጬ ጎተትኩ። ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ጎተትኩ። ትንሽ ከፍ አለና ተመለሰ። በሦስተኛው ያለኝን ጉልበት ሰብስቤ ብድግ ሳደርገው ወደ ቀኝ ሄደ። ወደ አንተ የሚወድቅ ሞተር በጭንህ ትደግፈዋለህ። ወደ ወዲያ የሚሄደውን ግን በምን ትይዘዋለህ? በጣትህ ጫፍ ይዘኸው ትሸኘዋለህ እንጂ።

የቀኙ ስፖኪዮ ፖክ ብሎ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። (የተሰበረ መስሎኝ ነበር። አልተሰበረም። የዚህ ሞተር ስፖኪዮ ሲመታ እንዲነቀል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ መልሰህ ስትገፋው ቦታው ይገባል። የሠሩት ጀርመኖች እኔን የመሰለ ሰው እንደሚገዛው ገምተዋል ማለት ነው።) ሞተሩም ሙሉ በሙሉ አልተኛም። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ ክርን ግራና ቀኝ ወጣ ያሉ ስለሆኑ፣ በቀኝ ክርኑ ተደግፎ እንደ ታመመ በሬ ገደም ብሎ ቀረ።

«በስመ አብ!» እያሉ ሦስት ሰዎች ሮጠው መጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ አራት ሆነን በአንድ ትንፋሽ አነሳነው። ከዚያ ምክሩ ጀመረ። አንዱ ጎማው ነፋስ ጎድሎታል አለ። ሌላው ማርሽ ገብቶ ነው አለ። ሦስተኛው «ጾሙ ነው» አለ። እኔ ሦስተኛውን ያዝኩ። «አዎ፣ ጾሙ ነው» አልኩ።

አንዲት እናት ከኋላ ቆመው ሁሉንም ያዩ ነበር። ሰው ሲበተን ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ እማማ።»

«እንግዲያው ሽጠው።»

ሦስት ኩንታል ጤፍ

ሞተሩ ቢኤምደብሊው አር 1150 አርቲ ነው። ነዳጅና ዘይቱን ሞልቶ 279 ኪሎ ይመዝናል። ሦስት ኩንታል ጤፍ ለመሆን 21 ኪሎ ብቻ ነው የሚጎድለው። እኔ 64 ኪሎ ነኝ። ይህን ሒሳብ ከመግዛቴ በፊት አልሠራሁትም። ብሠራውም የምገዛው ይመስለኛል። መንገድ ላይ ክብደቱ ይጠፋል። ቤልትዌይ ላይ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ሲፈስ አንድ ኪሎ የሚመዝን አይመስልም። 279ኙ የሚመለሰው ስታቆመው ነው።

ሞተር የለመድኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሞተር ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች። ገጠር የሠራ ሰው ያቺን ሞተር ያውቃታል። ካቴናዋ በሽፋን የተዘጋ ነው፤ ጭቃ አይገባባትም። ስታንዷ ደግሞ ሁለት ነው፣ በግራም በቀኝም። ዳገት ላይ ስታቆማት የሚመችህን ጎን ትመርጣለህ። ለገበሬ የተሠራች ለመሆኗ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። ክረምት ላይ አባቴ ከስታንዱ እግር ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስገባ ነበር፣ መሬቱ እንዳይውጠው። እኔም ዛሬ ሐምሌ ላይ የቨርጂኒያ አስፋልት በሙቀት ሲለሰልስ የተጨፈለቀ ቆርቆሮ አስገባለሁ። ይቺ በቀጥታ ከእሱ የመጣች ናት።

ከእሱ የመጣ ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው ግን ጎዳኝ። ኤጂ 100 ቀላል ናት። ጭቃ ውስጥ ብትይዝ አባቴ ወርዶ ኋላዋን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ያዞራታል። ጠባብ በር ላይ ብትቸግር እንዲሁ። እኔም ልጅ ሆኜ ያየሁት ይህንን ነው። ወንድ ልጅ፣ ሞተር፣ ክንድ። ሞተር ካስቸገረህ ታነሳዋለህ። ማንም እንዲህ ብሎ አላስተማረኝም። ዓይኔ ነው የተማረው። ዓይን የተማረው ነገር ደግሞ ከአእምሮ ቶሎ አይወጣም።

እዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የቅዳሜና እሁድ ኮርስ ወስጃለሁ። ጥሩ ኮርስ ነው። ፍሬን አያያዝ፣ ጥምዝ አገባብ፣ ዓይን ወዴት እንደሚያይ በደንብ ያስተምራሉ። ግን የሚያስነዱህ ሞተሮች ትናንሽ ናቸው፤ ከጎን ስታንድ ሌላ ስታንድ የላቸውም። ስለ መሃል ስታንድ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ትልቅ ሞተር የገዛ ሰው እንደሚያውቀው ተቆጥሮ የሚታለፍ ነገር ነው። ስታልፈው ደግሞ የማታውቀው አንተ ብቻ ይመስልሃል።

ሁሌም የሞላ ዘይት

ከዚያ እሁድ በኋላ የመሃል ስታንዱን ተውኩት። ሲተው ደግሞ ሰው ቁጭ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ» አይልም። ሰበብ ይደረድራል። መሬቱ ተዳፋት ነው። ጫማዬ ስስ ነው። ቸኩያለሁ። ጠባብ ፓርኪንግ ካየሁ ሁለት ብሎክ ርቄ ሰፊ ቦታ እፈልጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን በመኪና መሄድ ጀመርኩ። ሞተር ያላቸው ጓደኞቼ ጋ ስንገናኝ ሁሉም በመሃል ስታንድ ሲደረድሩ እኔ «የኔ ስፕሪንጉ አስቸግሮኛል» እላለሁ። ስፕሪንጉ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ስፕሪንግ ያልኩት የትኛውን እንደሆነ ራሴም አላውቅም።

ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፣ ዘይቱ ባይኖር ኖሮ።

ቢኤምደብሊው ይህን ዓይነት ሲሊንደር፣ ግራና ቀኝ የወጣውን ማለቴ ነው፣ በሞተር ሳይክሎቹ ላይ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1923 አር 32 ላይ ነው። በእኔ ሞተር ላይ በግራው ሲሊንደር በታች አንዲት ክብ መስኮት አለች። የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ታህላለች። የዘይቱ መጠን የሚታየው በእሷ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዝቅ ብለህ ታያለህ። መሃል ላይ ከታየ ደህና ነህ። አንድ ሁኔታ ግን አለ፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ማለትም በመሃል ስታንድ።

እኔ የማየው በጎን ስታንድ አቁሜ ነበር። የጎን ስታንድ ሞተሩን ወደ ግራ ያጋድለዋል። መስኮቷ ያለችው በግራ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ሁሉ ወደ መስኮቷ ይሄዳል። በየሳምንቱ ዝቅ ብዬ አያለሁ። ሙሉ ነው። በወሩም ሙሉ ነው። ጥቅምትም፣ ታኅሣሥም፣ የካቲትም ሙሉ ነው። «እንዴት ያለ ዘይት የማይበላ ሞተር ነው!» እያልኩ እመካበት ነበር።

አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። መመሪያው ላይ አንብቤዋለሁ። ቀጥ ብሎ ካልቆመ ትክክል እንደማያሳይ ለሌላ ሰው ማስረዳት እችል ነበር። ግን ያነበብኩትና የማደርገው በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ በመሃላቸው በር አልከፈትኩም። ከነገሩ ሁሉ ሲከነክነኝ የቆየው ይሄ ነው። መውደቁ አይደለም። ሰው ፊት መውደቁም አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ጎንበስ ብዬ፣ በትጋት፣ የተሳሳተ ነገር ማየቴ ነው። ቸል ብዬ ቢሆን ይሻል ነበር። እኔ ግን ተግቼ ነበር።

«ማን ጎትት አለህ?»

ከፋሲካ በኋላ ጓደኞቼ ስካይላይን ድራይቭን እንሂድ አሉ። ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ ላይ የሚሄድ የ105 ማይል መንገድ ነው፣ ጥምዙ አያልቅም። ሞተሩ ግን ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀምሮ ነበር። ለመንገዱ ብዬ አንድ ሐበሻ ጋራዥ ወሰድኩት።

ባለቤቱ ስልሳዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሶማሌ ተራ ያደጉ ሰው ናቸው፤ እዚህ የሚሠሩት ቶዮታና ሆንዳ ነው። «እኔ የመኪና ሰው ነኝ» አሉኝ ገና ሲያዩት። ቢሆንም ዞር ዞር ብለው አዩት። እንደ ከብት ነጋዴ ነው የሚያዩት፣ መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ።

«ዘይቱን አይተኸዋል?»

«ትናንት አየሁት ጋሼ። ሙሉ ነው።»

«እንዴት አቁመኸው?»

«እንዲሁ። በጎን ስታንድ።»

ዝም አሉ። የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ግማሹ የተጠጣ ሃይላንድ ነበር። አነሱትና ዓይኔ ፊት ወደ ጎን አጋደሉት። ውሃው እስከ አንገቱ መጣ።

«ይሄ ሙሉ ነው?»

ምን ልበል።

«በል አቁመውና እንየው» አሉኝ።

እዚህ ጋ ሰበቦቹ ሁሉ መጡልኝ። ተዳፋት ነው እንዳልል የጋራዥ ወለል ነው፣ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ። ጫማዬ ስስ ነው እንዳልል ቡት አድርጌያለሁ። ጾም ነው እንዳልል ፋሲካ አልፏል። «አልችልም» አልኩ። ይህችን ቃል በስምንት ወር ውስጥ ለማንም አልተናገርኳትም። ለባለቤቴም።

ጋሼ አልሳቁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ጎንበስ አሉ። «በል ሞክር፣ እኔ ላይህ።»

እንደ ልማዴ ያዝኩት። ረገጥኩ፣ ጎተትኩ። እንደ ልማዱ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ጋሼ ወለሉ ላይ በርከክ ብለው፣ የስልካቸውን መብራት ከታች አብርተው፣ እኔን ሳይሆን ስታንዱን ነበር የሚያዩት።

«ቆይ። ድገመው። ቀስ ብለህ። ሳትጎትት። ዝም ብለህ ብቻ ርገጥ።»

ረገጥኩ።

«አንዱ እግር አየር ላይ ነው» አሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መሃል ስታንድ ሁለት እግር አለው። የግራው እግር ወለሉን ነክቷል። የቀኙ እግር ግን ከወለሉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ለምን? ሞተሩ ወደ እኔ ዘንበል ብሏል። ለምን ዘንበል አለ? እኔ ስቤው። ለምን ሳብኩት? በዚያኛው በኩል ወድቆብኛልና። እንዳይወድቅ ብዬ ወደ ራሴ አስጠጋዋለሁ። ወደ ራሴ ሳስጠጋው በአንድ እግር ብቻ ይቆማል። በአንድ እግር ላይ ስገፋው ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ ወዲያ ይሄዳል። ስለዚህ ይበልጥ እፈራለሁ፤ ይበልጥ እስበዋለሁ።

ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ላይም ዘንበል አድርጌው ነበር። በሦስተኛው በጉልበት ቀና ሳደርገው መካከሉን አልፎ ሄደ።

ጋሼ ተነስተው ወደ ቀኙ ጎን ዞሩ። መዳፋቸውን መቀመጫው ላይ ጣል አደረጉ። አልያዙትም፤ ጣል ነው ያደረጉት።

«እኔ እዚህ አለሁ። ወደዚህ አይወድቅም። አንተ ልቀቀው።»

መልቀቅ ከባድ ነው። ሞተሩን ቀጥ ስታደርገው ክብደት የሌለው የሚመስልበት አንድ ቦታ አለ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የማይጫንበት። እዚያ ቦታ ላይ ልቤ ይመታ ነበር። «አሁን ርገጥ። ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ አወዛውዘው። ጆሮህን ስጠው» አሉኝ። አወዛወዝኩት። ቀጭ። ቀጭ። አንዱ እግር ነካ፣ ሌላው ነካ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ከእግሬ ስር ግን በጫማዬ ሶል በኩል ሁለቱም ተሰሙኝ። ሞተሩ በድንገት የረጋ ነገር ሆነ። ብለቀው እንኳ የሚቆም መሰለኝ።

ከዚያ በደስታ ጎተትኩ። አልተነሳም።

«ማን ጎትት አለህ?» አሉኝ። «ድንጋይ በዲጂኖ ፈንቅለህ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ድንጋዩን ታቅፈዋለህ ወይስ ዲጂኖው ላይ ትጫናለህ?»

መርገጫውን አየሁት። ከስታንዱ ወደ ጎን የወጣች አጭር ብረት ናት። ለስምንት ወር ስታንዱን ወደ ታች ማውረጃ ትመስለኝ ነበር፤ ማውረጃዋ እሷ፣ ማንሻው የእኔ ክንድ። ለካ ማንሻዋም እሷ ናት። እጅ የሚሠራው ቀጥ አድርጎ መያዝና ወደ ኋላ መምራት ብቻ ነው። የቀረውን የሚሠራው የገዛ ክብደትህ ነው። 64 ኪሎዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

«ደረጃ ውጣ» አሉኝ ጋሼ። ሌላ ምንም አላሉም።

ቀኝ እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ ደረጃ እንደምወጣ ቀና አልኩ። ግራ እግሬ ከወለሉ ለቀቀ። አንድ አፍታ ሁለመናዬ በዚያች ብረት ላይ ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላም ወደ ላይም ሄደ። አልተነሳም፤ ወጣ ነው የሚባለው። ግብ! አለና ቆመ። የኋላው ጎማ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሏል። ጋሼ በእጃቸው አሽከረከሩት፤ ቀስ ብሎ ዞረ።

እጄን አየሁት። ምንም አልደከመም። በዚያ ግቢ ውስጥ እስከ ማግስቱ ወገቤን ያመመኝ ሰው፣ አሁን ትንፋሼ እንኳ አልጨመረም። ነገሩን በኋላ ሳስበው አያስገርምም። 279 ኪሎውን ሁሉ ማንም አያነሳውም። ከፊሉ የፊት ጎማው ላይ ይቀራል። የቀረውም ቢሆን የሚወጣው ጥቂት ሳንቲሜትር ነው። በክንድ ከሄድክበት ግን የማይነሳውንም ጨምረህ ለማንሳት ትታገላለህ።

አባቴን አሰብኩ። ኋላዋን ብድግ የሚያደርጋት አባቴ፣ ጎተራ ስር የተቀበረ ድንጋይ ሲያወጣ በዲጂኖ እንደነበር አስታወስኩ። ያንንም አይቻለሁ። ግን ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ሞተር ሞተር ነው ብዬ ለየብቻ አስቀምጫቸው ነበር።

መስኮቷ

ጋሼ ወዲያው ዝቅ አሉና በመብራት መስኮቷን አዩ። ምንም የለም። ባዶ ብርጭቆ። እኔንም «ና እይ» አሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ ሞልታ ያየኋት ያቺው መስኮት ናት።

ዘይት ጨመሩ። ቀስ እያሉ፣ በመሃል እየጠበቁ። ከመስኮቷ የታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። እኛ ግማሽ ሊትር ጨምረን ዘይቱ ገና ብቅ አላለም። አንድ ሊትር ሊሆን ሲል ከታች በኩል ቀጭን ጨረቃ መስሎ ታየ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ነው የጠበቀህ» አሉ። እኔን ነው፣ ሞተሩን ነው፣ አላወቅኩም። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ በማግስቱ ቀነሰ፤ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አሁን በየሳምንቱ አያለሁ፣ ቀጥ አድርጌ።

ክፍያ አልቀበልም አሉ፣ ከዘይቱ ዋጋ በስተቀር። «ምን ሠራሁ? አንተ ነህ ያቆምከው» አሉኝ።

ስለ አሠራሩ

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደ እኔ ስምንት ወር እንዳይቆይ ብዬ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ስለማመድ ያገኘኋቸውን ጥቂት ነገሮች ልጨምር። አንድ ማታ ሃያ ጊዜ ያህል አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየችኝና ዘግታ ተመለሰች።

ጫማ ወሳኝ ነው። ያን እሁድ ለማውለቅ እንዲመቸኝ ስስ ሶል ያለው ጫማ ነበር ያደረግኩት። በስስ ሶል መርገጫው እግርህን ይወጋሃል፤ ሲወጋህ ሳታውቀው ክብደትህን ትሰበስባለህ። መሪው ቀጥ ይበል፣ ማርሹ ኖርማል ይሁን፣ የፊት ፍሬኑን አትያዝ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ መንከባለል አለበት። እጅ ለልማድ ብሎ ፍሬን ይይዛል፤ እኔም ሁለቴ ይዣለሁ። መሬት መሬት አትይ፤ ወደ መሬት ስታይ ትከሻህ ይጎብጣል። ሲከብድህ ከኋላ ጎማው ስር ሁለት ሳንቲሜትር ውፍረት ያላት ጣውላ አስገባ። ጎማውን ጣውላው ላይ ስታቆመው የሚቀረው መንገድ ያጥራል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። የኋላው ሞላ ከላላ ደግሞ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ነገሩ ይከብዳል። አጥብቀው። ቁመቴ አጭር ነው ብሎ ሞተሩን ዝቅ ያስደረገ ሰው የመሃል ስታንዱ እንደከበደው ካማረረ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ለስላሳ መሬት ላይ አትሞክረው። የአባቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ እዚህም ይሠራል፣ ግን ሁለት ያስፈልግሃል፤ ሁለቱም እኩል ውፍረት። አንዱ ወፍራም ከሆነ ያው አንድ እግር አየር ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክር በዚያኛው በኩል ሰው አቁም። እንዲያነሳልህ አይደለም። መዳፉን መቀመጫው ላይ ጣል እንዲያደርግ ብቻ።

ባለፈው እሁድ ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን በሞተር ሄድኩ። ያ ባለ ቢጫ ሰደርያ ልጅ ከሩቅ አየኝና ምንም ሳይለኝ በእጁ ሰፊውን ቦታ አሳየኝ፣ ወዲያ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ። እኔ ግድግዳው ጋ ሄድኩ። ወረድኩ። ቀጥ አደረግኩት። ቀጭ፣ ቀጭ። ደረጃዬን ወጣሁ። ግብ! አለ። ልጁ ኮሮላውን አስገባ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አላየም። ስወድቅ ሦስት መቶ ሰው ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን አጣጥፌ የጎን ሳጥኑ ውስጥ ስከት ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ናቸው። ሞተሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«እናትህ ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው እማማ።»

«እና ለምን አልሸጥከውም?»